ስደተኛው አብርሃም ብሩን መዘነ

የሚነበበው ቃል፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 በሙሉ።



ሣራ በ127 ዓመቷ በኬብሮን ሞተች። አብርሃምም አለቀሰላት፤ ከልቅሶው በተነሣ ጊዜ ግን ሚስቱን የሚቀብርበት አንድ ክንድ መሬት እንኳ አልነበረውም። እግዚአብሔር ምድሪቱን ሁሉ ለዘሩ ሊሰጥ ቃል ገብቶለት ነበር፤ ሆኖም በዚያ ቀን በኬጢ ልጆች ፊት ቆሞ ራሱን እንግዳና መጻተኛ ብሎ ጠራ። የኬጢም ልጆች በርኅራኄ መለሱለት፤ ከመቃብሮቻቸው የወደደውን እንዲመርጥ ነገሩት። ኤፍሮንም እርሻውንና ዋሻውን እንዲያው ሊሰጠው አቀረበለት። አብርሃም ግን በአገሩ ሕዝብ ፊት ሰገደና ዋጋውን ይከፍል ዘንድ ለመነ፤ በመጨረሻም 400 ሰቅል ብር ነጋዴዎች በሚቀበሉት ሚዛን መዝኖ ሁሉ እየሰማ ሰጠ።

ይህን ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በቀብር ቀን ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ነገር እናነብበዋለን፤ ይኸውም የሰው ድካም የሆነውን መጽሐፍና መዝሙር ባለቤቱን ሳይጠይቁ፥ ዋጋውንም ሳይከፍሉ ስለ መውሰድና ስለ ማባዛት ነው። ይህ ከአብርሃም ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሥ።

ሐምዳይት በሱዳን ምሥራቃዊ ጫፍ፥ ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚፈስስበት ዳር ያለች ትንሽ የጠረፍ ከተማ ናት፤ የኢትዮጵያ፥ የኤርትራና የሱዳን ወሰን በዚያ አካባቢ ይገናኛል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ከሑመራና ከአካባቢዋ የሸሹ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው በሱዳን ምድር ተጠጉ፤ ብዙዎችም መጀመሪያ ያረፉት በሐምዳይት ነበር። ከዚያ በገዳሪፍ አገር ወዳሉት ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ሰፈሮች ተወሰዱ፤ ኡም ራኩባም በ1977ቱ ረኃብ ዘመን ሌሎች ወገኖቻችንን ያስጠለለች ስፍራ ናት። ሰው እንዲህ ሲሰደድ ቤቱንና ከብቱን ይተዋል፤ ስልኩን ግን በደረቱ ይይዛል፤ የልጆቹ ፎቶግራፍና የዘመዶቹ ቊጥር በእርሱ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ስደተኛ በሰፈረበት ሁሉ ፈጥኖ የሚከፈተው ሱቅ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ነው። አንድ ሶላር፥ አንድ ባትሪና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ሱቁ ቆመ ማለት ነው። በዚያም ስልክ ብቻ አይሞላም፤ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ መዝሙርና ዘፈን፥ ፊልምም ይጫናል።

እንግዲህ በሐምዳይት እንዲህ ያለውን ሱቅ የከፈተ አንድ ጎልማሳ በልባችን እናስብ። ስሙን አንጠይቅ፤ እርሱ በየጠረፉ ያለ ሰው ነውና። ኮምፒውተሩን በትከሻው አዝሎ ወንዙን ተሻግሯል፤ እናቱና ታናናሾቹ በእርሱ እጅ ናቸው። አንዲት ሴት ትመጣና፥ «ልጄ፥ በቤተ ክርስቲያናችን እንዘምረው የነበረውን መዝሙር ጫንልኝ» ትለዋለች። እርሱም «እሺ፥ እናቴ» ብሎ ይጭንላታል፤ ጥቂት የሱዳን ገንዘብም ትሰጠዋለች። ሌሊት በድንኳኗ ሆና ትሰማዋለች፤ ታለቅሳለችም፥ ትጽናናለችም። መዝሙሩን የደረሰውና የዘመረው ሰው በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ ተቀምጦ ይህን አያውቅም። ከመዝሙሩም አንድ ቃል አልጐደለበትም። ታዲያ ማን ተበደለ?

ወዳጆቼ ሆይ፥ ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ የሚመልስ ሰባኪ የዚያችን ሴት እንባ አላየም። ነገር ግን እንባዋን አይተን ዝም ብንል ደግሞ የሌላውን ሰው እንባ ሰወርን።

በካቴኪዝማችን አቈጣጠር ሰባተኛው ትእዛዝ መስረቅን ይከለክላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በሌሊት የሚገባ ሌባን ያስባል፤ በሬ ተወስዶ ባዶ የቀረ በረት በዓይኑ ይታየዋል። መዝሙር ግን እንደ በሬ አይደለም፤ ቢወሰድም በባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። እውነት ነው። ሆኖም ያዕቆብ በመልእክቱ አምስተኛ ምዕራፍ ስለ ባለጠጎች ሲናገር በሬ ስለ መንዳት አልተናገረም፤ እህሉ በባለ እርሻው ጎተራ ገብቷል፤ የቀረው የአጫጆቹ ደመወዝ ነው፤ ወደ ጌታ ጆሮ የሚጮኸውም እርሱ ነው። ነቢዩ ኤርምያስም በ22ኛው ምዕራፍ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ በሚያሠራ ላይ ወዮታን ተናግሯል። አንድ መዝሙር በካሴት ወይም በሲዲ ወይም በስልክ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ስቱዲዮ ተከራይቶለታል፤ መሣሪያ ተጫዋቹና ድምፅ የሚቀርጸው ባለሙያ ተከፍሎአቸዋል፤ ይህም ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዘማሪው ኪስ ወይም ከብድር ነው። ያን ገንዘብ የሚመልሰው ከሽያጩ ነው። አንዱ የተሸጠ ቅጂ ሺህ ሆኖ በየሱቁ በተጫነ ጊዜ መዝሙሩ አይጐድልም፤ የሚጐድለው የአጫጁ ደመወዝ ነው።

ይህ ነገር በማርቲን ሉተርም ላይ ደርሶበታል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1524 በዊተንበርግ በሚታተሙ ጽሑፎቹ ላይ አንድ ምልክት በበግ፥ ሌላውም በጽጌረዳ አምሳል እንዲደረግ አደረገ። በሌሎች ከተሞች ያሉ አታሚዎች ጽሑፉን ወዲያው እየቀዱ፥ በችኰላም እያበላሹ ይሸጡ ነበርና እውነተኛው ቅጂ ይታወቅ ዘንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የስብከት መጽሐፉ ገና በማተሚያ ቤት ሳለ ከረቂቁ ከፊሉ ተሰርቆ በሌላ ከተማ ታተመ፤ እርሱም ሥራውን ስርቆት ብሎ በግልጥ ጠርቶ ለአታሚዎች ተግሣጽ ጻፈ። ልብ በሉ፤ ሉተር ለመጻሕፍቱ ከአታሚዎች ገንዘብ አይቀበልም ነበር። የራሱን ዋጋ ሊያስከብር አልተቈጣም። የተበደለው ወረቀት የገዛው፥ ሠራተኛ የቀጠረው፥ ገንዘቡን አስቀድሞ ያወጣው አታሚ ነበር፤ አንባቢውም በስሕተት የተሞላ መጽሐፍ በእጁ ገባ። ደግሞም ለደራሲ መብት የሰጠው ሕግ በእንግሊዝ አገር የወጣው በ1710 ነው፤ ይህም ሉተር ካረፈ ከ160 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሉተር የሚጠቅሰው የመንግሥት አንቀጽ ሳይኖረው ነገሩን በስሙ ጠራው፤ ሲናይ በቂው ነበረችና።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን በዚህ ነገር ከሌላው ይልቅ የምንሰናከልበት ምክንያት አለን፤ ምክንያቱም የሚያሳፍር አይደለም። በአባቶቻችን ዘንድ መጽሐፍ መቅዳት ጽድቅ ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራና ዳምጦ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ለወራት ጐንበስ ብሎ አንድ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር፤ ያስጻፈው ሰውም ለድካሙ ይከፍለው ነበር። የተሰረቀው መጽሐፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በብዙ ብራናዎች መጨረሻ ሌባውን የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ እናገኛለን። በዚያን ዘመን እንግዲህ ትልቁን ድካም የሚደክም የሚቀዳው ሰው ነበር። ዛሬ የሚቀዳው ሰው ጣቱን አንድ ጊዜ ይነካል፤ ሥራውም በዓይን ቅጽበት ያልቃል። ድካሙ ሁሉ የቀረው በደራሲው ላይ ነው፤ ክፍያው ግን ለሚቀዳው ሄደ። የአባቶችን ልማድ ጠቅሶ ይህን የሚያጸድቅ ሰው የአባቶችን ወገብ ሕመም ረስቶታል።

ሌላም ምክንያት አለን። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ፥ የምሥራቹ ሬዲዮ ጣቢያችን ብሥራተ ወንጌልም በ1969 ዓ.ም. በተወረሰ ጊዜ፥ መዝሙር ከቤት ወደ ቤት የሄደው በተቀዳ ካሴት ነበር። ስለ እምነቱ ዓመታትን በእስር ቤት ያሳለፈው የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ከእነዚያ መካከል ናቸው። ታዲያ ያን ጊዜ መቅዳት ኃጢአት ነበርን? እኔ እንደሚመስለኝ አይደለም። ገበያው ተዘግቶ፥ የሚገዛበት ሱቅ ጠፍቶ ሳለ ለመጽናናት ከእጅ ወደ እጅ የተቀባበሉት ነገር፥ ገበያው በተከፈተ ጊዜ ለትርፍ ከሚባዛው ጋር አንድ አይደለም። የስደት ዘመን ፈቃድ ለሰላም ዘመን ንግድ ውክልና አይሆንም።

ይህንን የሚለይልን ቃል በዘዳግም 23 መጨረሻ ተጽፎአል። ወደ ባልንጀራህ ወይን ቦታ በገባህ ጊዜ እስክትጠግብ ብላ፤ ወደ ዕቃህ ግን አትጨምር የሚል አሳብ ያለው ሕግ ነው። ምን ያህል ደግነትና ምን ያህል ፍርድ በአንድነት እንዳሉበት ተመልከቱ! መንገደኛው ተርቦ ሲያልፍ ባለ ወይኑ ሊከለክለው አይችልም። መንገደኛው ግን ቅርጫት ይዞ ቢገባ መንገደኛ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ስም ያገኛል። ያች በድንኳኗ የምታለቅስ እናት የባልንጀራዋን ወይን በላች፤ እርስዋን ሌባ የሚል አፍ ይዘጋ። የአገራችን ሕግ እንኳ በዚህ ከሙሴ ብዙ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 410 ነገሩን አስፍቶ የደራሲው የጥቅም መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት እንዲጠበቅ አድርጓል። ያው አዋጅ ሰው ለገዛ ራሱ ጥቅም ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያደርግ አይከለክልም፤ መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍሉን ማባዛት ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። መብላትና በቅርጫት መሙላት እዚህም ተለይተዋል።

ቅርጫቱ ያለው እንግዲህ በሱቁ ነው። የሱቁ ወንድማችንም ይህን ቢሰማ እንዲህ ይላል፤ «አባቴ፥ የኢትዮጵያ አዋጅ ከተከዜ ወዲህ ቀረ። ሱዳንም ሕግ ቢኖራት ስለ አንድ መዝሙር ወደ ዳኛ የሚወስደኝ የለም። እኔም ርቦኛል።» ስለ መጀመሪያው ነገር ብዙ አልናገርም፤ ትእዛዙ ወንዙን ከእርሱ ጋር ተሻግሯል፤ ጳውሎስም በሮሜ ሁለተኛ ምዕራፍ በልብ ስለ ተጻፈው ሕግ ተናግሯል። ረኃቡ ግን ሊሰማ የሚገባው ነገር ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በስድስተኛው ምዕራፍ ተርቦ የሰረቀን ሰው ሰዎች አይንቁትም ይላል፤ ወዲያውም በተገኘ ጊዜ መክፈል እንዳለበት ይጨምራል። አለመናቅ የእኛ ፋንታ ነው፤ መክፈል የእርሱ። በአዲስ አበባ በሞላ ቤት ተቀምጦ ያልገዛውን መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ የሚያስገለብጥ ሰው በሐምዳይት ያለውን ወንድም የሚፈርድበት አፍ ከወዴት አገኘ?

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድ መራራ ቃል መናገር ግድ ነው። ማኅበረ ምእመናን ለድምፅ ማጉያ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ የሚሸጥላቸውም ነጋዴ አንዲት ሳንቲም አይተውላቸውም። በዚያ ማጉያ የሚሰማውን መዝሙር ለደረሰው ሰው ግን አንድ ደብዳቤ እንኳ አይጽፉም። የመዝሙር መጽሐፉ አንዱ ይገዛል፤ ሠላሳው ይገለበጣል። ለመሣሪያው ከፍለን ለቃሉ አለመክፈላችን ምን ይባላል? ንጉሥ ዳዊት በኦርና አውድማ በቆመ ጊዜ ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም እንዲያው ሊሰጠው ወዶ ነበር፤ ዳዊት ግን ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ለማቅረብ እንቢ አለ፤ በ2ኛ ሳሙኤል 24 እንደ ተጻፈ።

«የእግዚአብሔር ቃል በነጻ ነው፤ እንዲያው የተቀበልነውን እንዲያው እንስጥ» የሚል ድምፅ ከዚህ በኋላ መነሣቱ አይቀርም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 10 ይህን ለደቀ መዛሙርቱ ማዘዙ እውነት ነው። ያዘዛቸው ግን በእጃቸው ያለውን እንዲሰጡ ነው እንጂ የሌላውን ሰው እጅ ዘርግተው እንዲሰጡ አይደለም። በዚያው ምዕራፍም ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ተናግሯል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ከወንጌል መኖር መብቱ መሆኑን ብዙ ማስረጃ አቅርቦ ካጸና በኋላ መብቱን ተወ። መተው የቻለው የእርሱ ስለ ነበረ ነው። ቆሮንቶሳውያን ግን «ጳውሎስ ይተወዋል» ብለው አስቀድመው ቢነፍጉት ኖሮ የሐዋርያው ስጦታ ስጦታ መሆኑ ይቀር ነበር።

ደግሞም በነጻ በእጃችን የገባው ቃል ያለ ዋጋ የመጣ አይምሰለን። የመጀመሪያውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐመው አቡ ሩሚ በካይሮ አሥር ዓመት ደክሞበታል። ያሠራው የፈረንሳይ ቆንስል አሴሊን ነው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1820 ዊልያም ጆዌት ጽሑፉን ለብሪቲሽና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በብዙ ገንዘብ ገዛው፤ ሙሉውም በ1840 ታተመ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በታተመ ጊዜ የወረቀቱን ዋጋ የከፈለ ሰው ነበር። የአስቴር ድካም ለብዙ ዘመን በጥቂቱ ብቻ መነገሩ ግን ያሳዝናል፤ ዋጋ መንሣት ብቻ ሳይሆን ስም መንሣትም በደል ነውና። ዛሬ መዝሙር በየስልኩ ሲዞር ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው የደራሲው ስም ነው።

ለዘማሪዎችና ለአሳታሚዎችም ቃል አለ። ሌዋውያን 19 ባለ እርሻው የእርሻውን ዳር ጨርሶ እንዳያጭድ፥ ቃርሚያውንም ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል። የአንዱን ስደተኛ ስልክ እንደ ትልቅ ገበያ የሚቈጥር ባለ መብት የእርሻውን ዳር ያጨደ ሰው ነው። ብዙዎች ዘማሪዎች መዝሙራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው በኢንተርኔት ለሁሉ ዘርግተዋል፤ ይህ ቃርሚያቸው ነው፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ነገር ግን የተተወ ቃርሚያ ነዶውን ለመውሰድ ፈቃድ አይደለም።

ታዲያ የሱቁ ወንድማችን ምን ያድርግ? ሱቁን ይዝጋ አልልም። ስልክ መሙላት የተባረከ ሥራ ነው። ደራሲዎቻቸው ከ50 ዓመት በፊት ያረፉ መዝሙሮች አሉ፤ ከእነርሱም በሰፈሩ ያሉ መዘምራን ራሳቸው ዘምረው፥ ወድደው የሚሰጡት ቅጂ ቢኖር ያንን ይጫን። በሕይወት ካለው ዘማሪ ግን ይጠይቅ። ያ ስልክ እንጀራው አይደለምን? አንድ መልእክት ለመጻፍ ምን ያግደዋል? «ወንድሜ ሆይ፥ በሐምዳይት ስደተኛ ነኝ፤ መዝሙርህን ለእናቶች እጭናለሁ፤ ከዚህ በፊትም ሳልጠይቅህ ብዙ ጭኛለሁ፤ ከማገኘው ምን ልላክልህ?» ይበል። ከዘማሪዎቹ አንዱ፥ ምናልባትም ብዙዎቹ፥ እንደ ኤፍሮን በእኔና በአንተ መካከል ይህ ምንድር ነው ይሉታል። ያን ጊዜ በእጁ ያለው መዝሙር የተሰጠው መዝሙር ይሆናል፤ በሌሊትም ሲጭነው እጁ አይከብደውም። ሌላው ዋጋ ቢጠይቀው ደግሞ እንደ አቅሙ ይክፈል፤ ያንንም ካልቻለ የዚያን ሰው መዝሙር ይተው።

ለማለፈው ዘመን ዕዳስ? ከሺህ ቅጂ የተሰበሰበውንና የተበላውን ገንዘብ ማን ይቈጥረዋል? አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት ኰብልሎ ወደ ጳውሎስ በመጣ ጊዜ፥ ሐዋርያው ሊያስቀረው ቢወድድም ያለ ፊልሞና ፈቃድ አላስቀረውም፤ በጎነቱ በግድ እንዳይሆን ነው። አናሲሞስ የበደለው ወይም የሚከፍለው ዕዳ ቢኖር ግን በራሱ ላይ እንዲቈጠር በገዛ እጁ ጻፈ። ጳውሎስ ይህን ከየት ተማረ? በራሱ ላይ ያለው የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል ላይ ተቸንክሮ ስላየ ነው። በኢሳይያስ 55 ያለ ገንዘብ ኑና ግዙ ብሎ የሚጠራን ባለ ገበያው ራሱ ነው፤ ዋጋውንም በብርና በወርቅ ሳይሆን በልጁ ደም ከፍሎታል። እንዲህ ያለ ዕዳ የተተወለት ሰው ስለ ጥቂት ብር ሲል ከባልንጀራው ፊት አይደበቅም። ዘኬዎስ በቤቱ ጌታን ካስገባ በኋላ ነው ገንዘቡን መቍጠር የጀመረው፤ ከዚያ በፊት ማንም አላዘዘውም ነበር።

አብርሃምም ብሩን መዝኖ ከሰጠ በኋላ ሣራን በዋሻው ቀበራት። እርሻው፥ ዋሻውና በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ በከተማው በር በገቡት ሁሉ ፊት ለእርሱ ጸና፤ በኋላም እርሱ ራሱ፥ ይስሐቅና ርብቃ፥ ያዕቆብና ልያ በዚያው ዐረፉ።

ጌታ ሆይ፥ በወንዝ ዳር ሱቁን የከፈተውን ልጅህን አስብ፤ እንጀራውን ስጠው፤ የሚጠይቅበትንም ድፍረት ስጠው። መዝሙሩን ጽፎ በብድር ያለውን ባሪያህንም አስብ። በድንኳኗ የምትዘምረውን እናት ድምፅ ስማ። አሜን።